በስምንት ብሎን የታሰረው ሣጥን፦ የአቶ ዓምደ ሚካኤል ወልደ ሐዋርያት የሕይወት ታሪክ

አቶ ዓምደ ሚካኤል ወልደ ሐዋርያት ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ጥሩነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺአረግ አድማሱ፣ በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ ኅዳር 12 ቀን 1949 ዓ.ም ተወለዱ። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል ክብረ በዓል ስለ ነበር፣ መሪጌታ ሌሊቱን በማኅሌት አድረው ጠዋት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ስሙን በመንገድ ይዘውት ገቡ ይባላል።

ይህን ታሪክ የጻፈችው ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ናት። ከማረፋቸው ከሦስት ሳምንት በፊት አጠገባቸው አስቀምጠው፣ "የእኔን ታሪክ ስትጽፊ ግንቦት ልደታን አትዝለያት። ሰው ሁሉ ደግ ነበር እያለ ብቻ አፈር እንዲያለብሰኝ አልፈልግም" ብለዋታል። እሷም ቃሏን ሰጥታለች። ስለዚህ ዛሬ ለቀብራቸው የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ከምታውቁት ጋራ የማታውቁትንም ትሰማላችሁ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ከፊደል እስከ ዳዊት ከአባታቸው እግር ሥር ተምረዋል። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ዜማ የሚያስተምሩ ሊቅ ስለ ነበሩ የበኩር ልጃቸው ወንበሩን እንዲወርስ ይመኙ ነበር። የልጃቸው ልብ ግን ወደ ውኃው አደላ። ከባሕር ዳር የሚመጣ የሞተር ጀልባ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጾመ ድጓውን ትተው ወደ ዳር ይሮጡ ነበር፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ ተገርፈዋል። በመጨረሻ በ1963 ዓ.ም መሪጌታ ራሳቸው የልጃቸውን እጅ ይዘው፣ ማገዶ በጫነ ታንኳ አሳፍረው፣ ባሕር ዳር ከምትኖር አክስታቸው ዘንድ ወሰዷቸው። ሲሰናበቷቸው "በእጁ የሚያገለግልም አገልጋይ ነው" ብለው መረቋቸው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ይህን ሲያወሩ፣ አባታቸው ሲመለሱ ታንኳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው እንደ ተቀመጡ፣ አንድ ጊዜም እንዳልዞሩ ሳይናገሩ አያልፉም ነበር።

በከተማው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ተምረው በ1968 ዓ.ም ተመረቁ። ለአምስት ዓመታት በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ካገለገሉ በኋላ፣ በ1973 ዓ.ም ሐይቁ ዳር ከነበረው የሐጂ ቡርሀን የጀልባ መሥሪያ ገቡ። ሐጂ ቡርሀን ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ በጣና ላይ ጀልባ ሠርተው፣ ዓሣ አጥምደው የኖሩ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። የተመረቀውን ወጣት ሦስት ወር ሙሉ ጣውላ አላስነኩትም። ከአሮጌ ጀልባዎች የተነቀሉ ብሎኖች የሞሉበት አንድ በርሜል ሰጡትና በየራሳቸው ዓይነት ለይ አሉት። ባለ አንድ ስንጥቁን፣ መስቀለኛውን፣ ራሱ ከጣውላው ውስጥ የሚሰምጠውን፣ ራሱ ወደ ላይ የሚጎብጠውን። ሥራው ሲያልቅ ሐጂ ከባለ አንድ ስንጥቁ የናስ ብሎን አንዱን አነሡና በኪሳቸው በነበረው ሳንቲም አዙረው አሳዩት። በሳንቲም የማይፈታ ብሎን በውኃ ላይ አትሰር አሉት። አቶ ዓምደ ሚካኤል ይህን ቃል ሠላሳ ዓመት ጠብቀውታል። አንድ ቀን ብቻ ዘንግተውታል።

ከሐጂ ልጅ ከአቶ ሙኽታር ጋራ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወንድማማች ሆኑ። ሐጂ በ1989 ዓ.ም ወደ አኼራ ሲሄዱ ሥራውን ተከፋፈሉት፤ አቶ ዓምደ ሚካኤል ይሠራሉ፣ አቶ ሙኽታር ይነዳሉ። በፋሲካ አንዱ ከሌላው ቤት አይጠፋም፤ በዒድም እንዲሁ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል በጥር 1976 ዓ.ም ከቆላ ድባ የእህል ነጋዴ ልጅ ከወይዘሮ ፍሬ ስብሐት ጋራ በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል። ቃለ ሕይወት በ1978፣ ሰብለ ወንጌል በ1981፣ ዜማ በ1985 ዓ.ም ተወለዱ። የመጨረሻዋ ስትወለድ ይዘዋት ወደ ዘጌ ሄደው በሽማግሌው አባታቸው ጭን ላይ አስቀመጧትና፣ "አባቴ፣ እኔ ያሳጣሁዎትን ዜማ አመጣሁልዎ" አሏቸው። መሪጌታ ያን ቀን ስቀው አልቅሰዋል።

ዜማ እንደ ስሟ ነበረች። ቤት ውስጥ ስትዘዋወር ታንጎራጉራለች፤ አባቷ ጣውላ ሲልጉ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታጠናለች። በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በነበረችበት ጊዜ እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋራ ከመዋል የአባቷን የጀልባ መሥሪያ ትመርጥ ነበር። አባቷ የሠሩትን ሁሉ በእጇ እየገፋች ትፈትሽ ነበር፤ "አባዬ የሠራው አይነቃነቅም" ማለት ልማዷ ነው።

አሁን ወደ ግንቦት ልደታ እንመጣለን።

በ2004 ዓ.ም የበጋ ወራት አቶ ሙኽታር የሚነዱት ጀልባ ላይ የነበሩ የመንሳፈፊያ ጃኬቶች ይሰረቁ ጀመር። ጃኬቶቹ ከመቀመጫው ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ ሁለት፣ ቆይቶ ሦስት ጠፉ፤ የተንጠለጠለበት ጓጉንቸር ቁልፍም ከነማንጠልጠያው ተነቅሎ ተገኘ። ሰኞ ሚያዝያ 29 ቀን አቶ ሙኽታር ሌሎች አሥራ አራት ጃኬቶች አምጥተው ወንድማቸውን እባክህ ዝጋልኝ አሏቸው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ጠንካራ ማንጠልጠያ በቅዳሜ ገበያ ሊገዙ አሰቡ። እስከዚያው ብለው ክዳኑን በስምንት መስቀለኛ ብሎን አሰሩት። ያን ጊዜ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ከገዙ ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ መስቀለኛ ብሎን ደግሞ ለድሪል ይመቻል፣ በገበያም የሞላው እሱ ነው። ስምንቱንም ለማሰር ሦስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ማታ ለአቶ ሙኽታር በስልክ ዘግቼዋለሁ አሏቸው። በምን እንደ ዘጉት አልነገሯቸውም።

ረቡዕ ግንቦት 1 ቀን ዜማ አያቷን ወይዘሮ የሺአረግን ልትጠይቅና ልደታን አብራቸው ልታከብር ወደ ዘጌ ተሻገረች። ጠዋት ሐይቁ ዝም ብሎ ነበር፤ ጃኬት የጠየቀም የሰጠም የለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዜማን ጨምሮ አሥራ አንድ ተሳፋሪዎችን ይዞ ጀልባው ወደ ባሕር ዳር ጉዞ ጀመረ። ከዘጌ ርቆ መሐል ሲደርስ የግንቦት ነፋስ ተነሣ። ሞተሩ ውኃ ገብቶበት ጠፋ፤ ጀልባው ጎኑን ለማዕበሉ ሰጠ። አቶ ሙኽታር ወደ ሣጥኑ ሮጡ። ክዳኑ አልተነሣም። በጀልባው ላይ ካቻቪቴ አልነበረም፤ ያለው የዓሣ ቢላ ነው። የቢላው ጫፍ በመስቀሉ ጉድጓድ ውስጥ እየተንሸራተተ አንዱን ብሎን እንደ ምንም ፈታ። የሁለተኛው ጉድጓድ ተፈጨ። ሦስተኛው ላይ ቢላው ተሰበረ።

ዜማ ከጎናቸው ተንበርክካ ነበር። በሳንቲም ሞከረች፣ በፀጉሯ መያዣ ሞከረች፣ በጥፍሯ ሞከረች። ከዚያ እጇን ከክዳኑ ላይ አነሣችና፣ "ጋሼ ሙኽታር፣ ተወው። አባዬ የዘጋው አይከፈትም" አለች። አቶ ሙኽታር ይህን ቃል ለቤተሰቡ የነገሩት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ጀልባው ተገለበጠ። አቶ ሙኽታርና ስምንት ሰዎች ጀልባውን ሙጥኝ ብለው፣ ዓሣ አጥማጆች ደርሰውላቸው ተረፉ። የመራዊዋ ነጋዴ ወይዘሮ ኪዲ፣ የሃያ ሁለት ዓመቱ አብዱልሃኪምና ዜማ አልተረፉም። ዜማ የተገኘችው በማግስቱ ጠዋት ነው። አሥራ አራቱ ጃኬቶች ከሣጥኑ ጋራ ተገኙ፤ አንዱም ከውስጥ አልወጣም።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ልጃቸውን በቀበሩበት ሰዓት አቶ ሙኽታር እስር ቤት ነበሩ። ፖሊስ ሣጥኑን ማን ዘጋው ብሎ ሲጠይቃቸው ዝም አሉ። ጀልባ ነጂው እሳቸው ስለሆኑ ዝምታቸው እንደ እምነት ቃል ተቆጠረ። ልጁን ያጣ ሰው ላይ ሌላ ሸክም አልጨምርም ብለው እንደ ሆነ ሁላችንም የገባን በኋላ ነው።

በሣልስቱ ማግስት አቶ ዓምደ ሚካኤል ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ተነሡ። ሊያጽናኗቸው የመጡ ዘመዶች የት እንደሚሄዱ ሲሰሙ በር ላይ ቆመው ለመኗቸው። የሞተችው የራስህ ልጅ ናት፣ ማን ይከስሃል፣ ያንተ ቅጣት አይበቃህም ወይ አሏቸው። እሳቸው በመካከላቸው አልፈው ወጡ። ፖሊስ ጣቢያ ደርሰው ከመርማሪው ፊት ሲቆሙ ቃላቸው አጭር ነበር፤ "ክዳኑን በስምንት ብሎን ያሰርሁት እኔ ነኝ። ለሙኽታር ዘግቼዋለሁ አልሁት እንጂ በምን እንደ ዘጋሁት አልነገርሁትም። ባለ አንድ ስንጥቅ ባደርገው ኖሮ በዚያ ቢላ ይከፈት ነበር። ይህን አውቅ ነበር።"

መርማሪው የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር መጻፍ አስፈላጊ አይደለም ብሎ እንደ ነበርና እሳቸው ካልተጻፈች አልፈርምም እንዳሉ ሰብለ ወንጌል ከጎናቸው ቆማ ሰምታለች።

አቶ ሙኽታር በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተፈቱ። አቶ ዓምደ ሚካኤል በቸልተኝነት ሰው እንዲሞት ማድረግ በሚል የአንድ ዓመት ከስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ይግባኝ አላሉም።

ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት ለስምንት ወር ሊጠይቋቸው አልሄዱም። ስንቅ የምታደርሰው ሰብለ ወንጌል ነበረች። በጥር ወር አንድ እሑድ ግን ሳይናገሩ ተነሥተው አብረዋት ሄዱ። በአጥሩ ማዶና ማዶ ለረጅም ጊዜ ቆመው ከተያዩ በኋላ ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት፣ "ስንት ነበሩ?" አሏቸው።

"ስምንት።"

"ለምን አራት አላደረግኸውም?"

"ጠንካራ እንዲሆን ብዬ ነው፣ ፍሬዋ።"

ሰዓቱ አልቆ ሲወጡ ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት በግድግዳው ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ልጃቸው እስክታነሣቸው ብዙ ቆዩ።

በማረሚያ ቤቱ አቶ ዓምደ ሚካኤል ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዝተው መጻፍ ጀመሩ። ደብተሩ ዛሬ በቤተሰቡ እጅ ይገኛል። በውስጡ ስለ ዜማ አንድም ቃል የለም፤ የሚያወራው ስለ ብሎን ራስ ብቻ ነው። ጥቂቱን እንዳለ እናነባለን።

"ባለ አንድ ስንጥቅ፦ ከሁሉ የቆየው ነው። ካቻቪቴ ቢጠፋ ቢላ፣ ሳንቲም፣ የማንኪያ እጀታ ይፈታዋል። ቀለም ቢደፍነው በምስማር ይጠረጋል። ጉድለቱ፣ ካቻቪቴው መሐል ላይ አይረጋም፤ ወደ ጎን ተንሸራቶ ጣውላውን ይቧጭራል፣ እጅ ይወጋል። ለድሪል አይሆንም። የቸኮለ ሰው አይወደውም።

"መስቀለኛ፦ ካቻቪቴውን ራሱ ወደ መሐል ይስበዋል። በአንድ እጅ ይታሰራል፤ ለድሪል የተመቸ ነው። ነገር ግን በኃይል ሲያዞሩት ካቻቪቴውን ወደ ላይ ይተፋዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተፋ ጉድጓዱ ይፈጫል፤ ከዚያ ወዲያ ባለሙያም ይቸገርበታል። ልኩ የሆነ ካቻቪቴ ይፈልጋል። ቢላ አይቀበልም። ቢላ አይቀበልም።"

ይህች ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። ሁለተኛዋ ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶታል።

"ባለ አራት ማዕዘን ጉድጓድ፦ መፍቻውን አጥብቆ ይይዛል፣ አይተፋም። በእኛ ገበያ ግን መፍቻው የለም። ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ፣ በታጠፈ ብረት የሚዞረው፦ ለሞተር አካል ደግ ነው፤ በጣም ማጥበቅ ይቻላል። አሸዋና ጭቃ ሲሞላው ግን መፍቻው አይገባም፤ መፍቻው ካረጀ ደግሞ ማዕዘኑን በልቶ ክብ ያደርገዋል። የኮከብ ጉድጓድ፦ ጉልበትን ሁሉ ሳያባክን የሚቀበለው እሱ ነው። አይተፋም፣ ቶሎም አይፈጭም። መፍቻው በሰው እጅ ስለማይገኝ ሌባ አይፈታውም። ሌባ የማይፈታውን የሚሰምጥ ሰውም አይፈታውም። ራሱ ስድስት ማዕዘን ሆኖ በውጭ የሚያዝ፦ ከሁሉም ጠንካራው። ቢዝግ እንኳ በፒንሳ ይያዛል። ራሱ ብቅ ስለሚል ግን መረብ ይይዛል፣ እግር ይመታል፤ ሰው በሚራመድበት አይደረግም።"

የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ "ለሕይወት ማዳኛ ሣጥን የሚሆን የብሎን ራስ የለም። ክዳኑ በእጅ ይከፈት።"

በ2005 ዓ.ም ክረምት በአመክሮ ሲፈቱ በቀጥታ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ወይዘሮ ዘኪያ፣ ወደ አብዱልሃኪም እናት ቤት ነው። ከዚያ በፊት የአገር ሽማግሌ ልከው ነበር፤ የወይዘሮ ኪዲ ቤተሰቦች በመራዊ ሽማግሌውን ተቀብለው፣ በካህን ፊት ይቅር ብለዋቸዋል። ወይዘሮ ዘኪያ ግን ሽማግሌዎቹን መልሰው ራሱ ይምጣ አሉ። ራሳቸው ሄዱ። ወይዘሮ ዘኪያ በራፋቸው ላይ አቁመው፣ ሣጥኑ እንዴት እንደ ታሰረ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነገሯቸው። ሲጨርሱ ወደ ውስጥ ገብተው በጣሳ ውኃ ይዘው ተመለሱና፣ "ጠጣ። አንተም ልጅ ቀብረሃል" አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን አቶ ዓምደ ሚካኤል ከዜማ መቃብር ተነሥተው ወደ ወይዘሮ ዘኪያ ቤት ይሄዱ ነበር። ሁለቱ አብረው ይውላሉ።

ቤታቸው ግን እንደዚያ አልቀለለም። ለሁለት ዓመት ያህል ባልና ሚስቱ በአንድ መሶብ አልቀረቡም። ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት ምግባቸውን ያቀርባሉ፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ሲታመሙ ያስታምማሉ፤ አይናገሯቸውም። ቃለ ሕይወት ያን ጸጥታ መቋቋም አቅቶት ሥራ ፈልጎ ወደ ጎንደር ሄደ። አቶ ዓምደ ሚካኤል አንድም ቀን አላማረሩም።

በዚህ ጊዜ ነው ከጀልባ ወደ ጀልባ መዞር የጀመሩት። በየወደቡ እየሄዱ የጃኬት ሣጥናችሁን ልይ ይላሉ። በብሎን የታሰረውን ይፈታሉ፤ በምትኩ በአንድ እጅ ግፊት የሚከፈት የእንጨት መቀርቀሪያ ይሠሩለታል። ሁሉም በደስታ አልተቀበላቸውም። አንድ የጀልባ ባለቤት በሰው ፊት፣ ልጁን ያሰመጠ ሰው እኛን ሊያስተምር መጣ ብሎ አባሯቸዋል። አቶ ዓምደ ሚካኤል አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ከዚያው ጀልባ አጠገብ ቆመው ተገኙ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ሰውየው ራሱ ሣጥኑን አሳያቸው። ያ ሰው ዛሬ ከለቀስተኞቹ መካከል አለ፤ ስሙን እንዳንጠራ ለምኖናል፣ ታሪኩን ግን ንገሩ ብሏል።

በ2007 ዓ.ም አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት ከገበያ ሲመለሱ ባለቤታቸውን ሐይቁ ዳር አዩአቸው። በአንድ ጀልባ ወለል ላይ ተንበርክከው ከዛገ ብሎን ጋራ ይታገላሉ፤ ካቻቪቴው እየተንሸራተተ ጣታቸውን አድምቶታል። ወይዘሮዋ የያዙትን ዘንቢል መሬት አስቀመጡ፤ ወደ ጀልባው ገቡ፤ ከመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ ወፈር ያለውን ካቻቪቴ መርጠው አቀበሏቸው። ብሎኑ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጡ። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመታት ባልና ሚስቱ ቅዳሜን በወደቦች ሲያሳልፉ፣ እሳቸው ሲፈቱ ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት የወጡትን ብሎኖች በቆርቆሮ ሲቀበሉ፣ የባሕር ዳር ጀልባ ነጂ ሁሉ ያያቸው ነበር። አብረው መብላት የጀመሩትም እዚያው ሐይቁ ዳር ነው።

ከ2008 እስከ 2014 ዓ.ም በከተማው በሚገኝ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ በእንግዳ አስተማሪነት አገልግለዋል። ተማሪዎቻቸው የመጀመሪያውን ትምህርት አይረሱትም። አቶ ዓምደ ሚካኤል ጣውላ ላይ የታሰሩ ስድስት ዓይነት ብሎኖችን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ተማሪው እጁን በሳሙና ውኃ ይነክራል፤ ቢላና ሳንቲም ይሰጠዋል፤ ሰዓት ይያዝበታል። ባለ አንድ ስንጥቁ ይከፈታል። መስቀለኛው ላይ ሲደርስ ቢላው ይንሸራተታል፣ ክፍሉ ይስቃል። አቶ ዓምደ ሚካኤል ሳቁ እስኪያልቅ ይጠብቁና፣ "ብሎን ከመምረጣችሁ በፊት ማን እንደሚፈታው ጠይቁ። በምን ሰዓት፣ በእጁ ምን ይዞ እንደሚፈታው ጠይቁ" ይሉ ነበር። ምክንያቱን የጠየቃቸው ተማሪ ካለ ይነግሩታል። ያልጠየቃቸውን አይነግሩም።

በ2011 ዓ.ም ግንቦት ወር፣ መቀርቀሪያ ከሠሩላቸው ጀልባዎች አንዱ አሥራ ስድስት ሰዎችን ይዞ ከደሴት ሲመለስ በማዕበል ተገለበጠ። ዜናው ሲደርሳቸው ጫማቸውን እንኳ ሳያጠልቁ ወደ ወደቡ ሮጡ። የረዳቸው ሌላ ጀልባ ሰዎቹን ሲያወርድ ከአፋፉ ቆመው የእያንዳንዱን ትከሻ እየነኩ ቆጠሩ። አሥራ ስድስቱም ጃኬት ለብሰዋል፤ አሥራ ስድስቱም በሕይወት አሉ። በመጨረሻ የወረደችው በዜማ ዕድሜ ያለች ተማሪ ነበረች። አቶ ዓምደ ሚካኤል እጃቸውን ከትከሻዋ ላይ ማንሣት አቃታቸው፤ ልጅቷም ነገሩ ባይገባትም ዝም ብላ ቆመችላቸው። አቶ ሙኽታር መጥተው ወሰዷቸው። ቤታቸው ገብተው ሁለት ቀን አልወጡም። ሰዎች ደስ ይበልህ እንጂ ቢሏቸው፣ ደስ ብሎኛል፣ ግን እንዲህ ቀላል እንደ ነበር አየሁ ብለዋል።

አቶ ሙኽታር የዜማን የመጨረሻ ቃል የነገሯቸው ከዚያ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም ነው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ራሳቸው ጠይቀው፣ አትደብቀኝ ብለው፣ በእግዚአብሔር ስም ለምነው ነው የሰሙት። ሲሰሙ አላለቀሱም። ብቻቸውን ወደ መቃብሯ ሄደው እስኪመሽ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማንም የእጃቸውን ሥራ ጠንካራ ነው ብሎ ሲያመሰግናቸው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ካቻቪቴ መያዝ ሲያቅታቸው አቶ ሙኽታር ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ እሳቸው እንደሚነግሯቸው ይፈቱ ነበር። በ2017 ዓ.ም የጉበት ሕመም ተጨመረ። ሐኪሞች የሚችሉትን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቃለ ሕይወት ከጎንደር መጥቶ ሁለት ወር አልጋቸው ሥር አስታመማቸው።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለአሥራ ሦስት ዓመት በአፋቸው ያልወጣውን ቃል ተናገሩ። ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት ትራሳቸውን ሲያስተካክሉ እጃቸውን ያዙና፣ "ፍሬዋ፣ ልጅሽን ወስጄብሻለሁ። ይቅር በይኝ" አሏቸው።

ወይዘሮ ፍሬ ስብሐት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ይቅር ካልሁህ ቆየሁ" አሉ፤ "ጀልባው ላይ፣ ጣትህ ሲደማ ያየሁ ዕለት። በአፌ ሳልነግርህ እዚህ አደረስሁህ። አንተም ለዝምታዬ ይቅር በለኝ።" ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ስለ ዜማ ይነጋገሩ ጀመር። እስከዚያ ቀን ስሟን በአንድነት አንሥተው አያውቁም። እንዴት እንደ ተወለደች፣ ምን ትወድ እንደ ነበር፣ ስታንጎራጉር የትኛውን መዝሙር ታበላሽ እንደ ነበር እያነሡ አንዳንድ ጊዜ ሲስቁ ልጆቻቸው ከሌላው ክፍል ሆነው ይሰሙ ነበር። ያ ሳምንት ለቤተሰባችን የተሰጠ ትልቅ ስጦታ ነው፤ አጭር መሆኑ ግን ይቆጨናል።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ከንስሐ አባታቸው ተናዝዘው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ዓርብ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የቀብር ሥርዓታቸው ዛሬ ቅዳሜ ጥቅምት 22 ቀን፣ ካህናት፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ ተማሪዎቻቸውና የሐይቁ ዳር ሙስሊም ወንድሞቻቸው በተገኙበት፣ ከልጃቸው ከዜማ መቃብር አጠገብ ይፈጸማል።

አቶ ዓምደ ሚካኤል ከወይዘሮ ፍሬ ስብሐት ጋራ አርባ ሁለት ዓመት በሚሞላ ትዳር ኖረዋል። ልጆቻቸውን ቃለ ሕይወትንና ሰብለ ወንጌልን፣ የልጅ ልጃቸውን ጥዑመ ልሳንን፣ ወንድማቸውን አቶ ሙኽታር ቡርሀንን፣ ሐዘንተኛ እናት ሆነው እንደ እኅት የቀረቧቸውን ወይዘሮ ዘኪያን፣ በየወደቡም ብዙ ወዳጆችን ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡ በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቁ፣ ዛሬም ከጎኑ ለቆሙ ሁሉ ምስጋናውን ያቀርባል።

ማዕበሉን በቃሉ ጸጥ ያሰኘ አምላክ የአባታችንን ነፍስ ነፋስ ከማይደርስበት ወደብ ያድርሳት። ልጃቸው ቀድማ ካለችበት ያግባቸው፤ የሚነጋገሩበትንም ዘመን ይስጣቸው። ለእናታችን ጽናቱን፣ ለወይዘሮ ኪዲና ለአብዱልሃኪም ቤተሰቦችም መጽናናትን ያድልልን። አሜን።

ከቀብሩ በኋላ በጀልባ ወደ ዘጌ የምትመለሱ ወገኖቻችን፣ አቶ ሙኽታር ወደቡ ላይ ይጠብቋችኋል። ጃኬት ሳትለብሱ አያሳፍሯችሁም። እባካችሁ እንዳትከራከሯቸው፤ ዛሬ እሳቸውም ወንድማቸውን ቀብረዋል።